መድኃኒት ያልሆነው ሕክምና የሚሰጠው ለእኛ ነው

"ያለ መድኃኒት አይታከምም ወይ?" ኤዲኤችዲ (ትኩረት ማጣትና ቅብጥብጥነት የሚታይበት የአእምሮ እድገት ችግር) ያለበት ልጅ እንዳለኝ የሚያውቁ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። ከቅዳሴ በኋላ ይጠይቁኛል። ማታ ደውለው ይጠይቁኛል። አንዳንዶቹ ከሐኪም ቤት ገና መውጣታቸው ነው። መድኃኒቱ ልጄን ያደነዝዘው ይሆን፣ ሱስ ይሆንበት ይሆን ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱን አውቀዋለሁ፤ እኛም ቤት ገብቶ ነበር።

መልሴ "ይታከማል" ነው። ግን ብዙዎቹ የሚጠብቁት ዓይነት ሕክምና አይደለም። ልጁን ለባለሙያ አስረክቤ፣ እኔ መኪና ውስጥ ጠብቄ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ተነጋግሮ ተስተካክሎ ይወጣልኛል ብሎ የሚያስብ ወላጅ አለ። ኤዲኤችዲ በዚህ መንገድ አይታከምም። ከመድኃኒት ውጭ ካሉት ሕክምናዎች በደንብ የተፈተኑት በአብዛኛው የሚያሠለጥኑት ትልልቅ ሰዎችን ነው። እናትን፣ አባትን፣ አስተማሪን። ልጁ የሚለወጠው ዙሪያውን ያለነው ሰዎች የምናደርገው ሲለወጥ ነው። ሥራው ያደክማል፣ ይሰለቻል። ግን ያዋጣል።

አንድ ነገር ላስቀድም። እኔ የመድኃኒት ተቃዋሚ አይደለሁም። ልጄ ስምንት ዓመቱ ላይ ጀምሯል፣ ጠቅሞታልም። ሐኪምም አይደለሁም፤ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር እናት ነኝ። ያነበብኩትንና በቤታችን ያየሁትን ነው የምጽፈው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤዲኤችዲ የአስተዳደግ ብልሽት አይደለም። መንታዎችን ያወዳደሩ ጥናቶች የዘር ድርሻው 74 በመቶ አካባቢ እንደሆነ ያሳያሉ። በ2007 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች የልጆችን አንጎል በኤምአርአይ ተከታትለው አንድ ነገር አገኙ። የአንጎል ቅርፊት ግማሹ ክፍል የውፍረቱ ጣሪያ ላይ የሚደርሰው በሌሎች ልጆች በ7 ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ኤዲኤችዲ ባለባቸው ልጆች ግን ወደ 10 ዓመት ተኩል ይገፋል። እድገቱ መንገዱን አልሳተም፤ ዘግይቷል። ይህንን ካነበብኩ በኋላ ልጄን ከእኩዮቹ ጋር ማወዳደር ተውኩ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው የምጠብቅበት ራስን መግዛት ከዕድሜው ትንሽ ዝቅ ያለ ሆነ፤ ቤታችንም በዚያ ልክ ረጋ አለ።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። እነዚህ ልጆች ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያውቃሉ። ጠይቋቸው፣ አንድ በአንድ ይነግሯችኋል። የሚያቅታቸው የሚያውቁትን በሚያስፈልግበት ደቂቃ ማድረጉ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ የተሰጠ ምክር ረቡዕ ጠዋት ጫማ ሲፈለግ አይገኝም። እርዳታው ጫማው ያለበት ቦታ መሆን አለበት። እዚያ ደግሞ ያለነው እኛ ነን።

ልጄ አምስት ዓመቱ ነበር። የሕፃናት ሐኪሙ ስለ መድኃኒት አላነሳም። "መጀመሪያ እናንተ ሥልጠና ትወስዳላችሁ" አለን። ይህ የእሱ የግል አስተያየት አልነበረም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ4 ዓመት ጀምሮ 6 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች የወላጆች የባሕርይ አያያዝ ሥልጠና እንዲቀድም ይመክራል፤ የ2019 መመሪያውም ይህንኑ ይዟል። የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2018 ያወጣው መመሪያም ከ5 ዓመት በታች ላሉት በቡድን የሚሰጥ የወላጆች ሥልጠናን ያስቀድማል። ከ6 ዓመት በላይ የአሜሪካው መመሪያ ሁለቱን አብሮ ነው የሚመክረው፣ መድኃኒቱንም የባሕርይ ሕክምናውንም።

ሥልጠናው ውስጥ ምን አለ? የመጀመሪያው ሳምንት የቤት ሥራ አስገርሞኝ ነበር። በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ከልጁ ጋር መጫወት፣ ጨዋታውን እሱ ሲመራ። ማዘዝ የለም። መጠየቅ የለም። "ይሄ ምን ቀለም ነው?" ብሎ ማስተማር የለም። ዝም ብሎ አብሮ መሆንና የሚያደርገውን መናገር፤ "ሰማያዊውን ከላይ አደረግከው" እያሉ። ቀላል ይመስላል። ሞክሩትና ታዩታላችሁ። አፌ ውስጥ ከትእዛዝ ሌላ ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደነበረ ያወቅሁት ያኔ ነው። ሥልጠናው እዚህ የሚጀምረው በምክንያት ነው። ቀኑን ሙሉ "ተው፣ ቁጭ በል፣ ስንቴ ልንገርህ" ሲባል የሚውል ልጅ የእናቱን ድምፅ መስማት ያቆማል። መጀመሪያ ድምፃችን እንደገና የሚሰማ መሆን አለበት።

ከዚያ ማመስገን ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሐበሻ ወላጅ ይቸገራል። ልጅን ፊት ለፊት ማመስገን ያባልገዋል ተብለን አድገናል። አሠልጣኟ የምትፈልገው ደግሞ "ጎበዝ" የሚል ደረቅ ቃል አልነበረም። ያደረገው ነገር ስሙ ተጠርቶ፣ ያኔውኑ፣ እዚያው። እኔ ስንተባተብ ያወጣችኝ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ናት። ልጄ እጅ ሊያስታጥባት ውኃ ሲያፈስላት ትመርቀዋለች። "እደግ፣ ተመንደግ፣ ውኃ እንዳጠጣኸኝ ወተት ያጠጣህ!" ምርቃቱ ድርጊቱን ይጠራል። ወዲያው ይሰጣል። ከልብ ነው፣ ድምፁም ይሰማል። አሠልጣኟ ከምትለው ጋር አንድ ነው። ለካ ባህሉ እኛው ቤት ነበረ። ከዚያ ወዲያ ቦርሳውን በቦታው ሲሰቅልም፣ ወንድሙን ሳይመታ ሲያልፍም፣ ይመረቃል።

ትእዛዝም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ከኩሽና መጮህ ቀረ። ቀርቦ፣ ትከሻውን ነክቶ፣ አንድ ነገር ብቻ። "ልበስና ጥርስህን ታጠብና ቦርሳህን ይዘህ ና" ሦስት ትእዛዝ ነው፤ ሁለቱ መንገድ ላይ ይጠፋሉ። "ጃኬትህን ልበስ።" ከዚያ ትንሽ ዝምታ። ከዚያ የሰማውን እንዲደግመው ማድረግ። ለጥቃቅኑ መነጫነጭና ማጉረምረም ጆሮ አለመስጠት። ለከባዱ ጥፋት ደግሞ አስቀድሞ የታወቀ፣ አጭር፣ ያለ ስብከት የሚፈጸም ቅጣት።

ሽልማቱ በሽምብራ ነበር። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ አለ። ጥርስ ከታጠበ አንድ ሽምብራ፣ ጫማ ከተገኘ አንድ፣ ቦርሳ በር ላይ ከተዘጋጀ አንድ። ማታ ይቆጠራል፣ በተስማማንበት ነገር ይለወጣል። ከአባቱ ጋር የትግል ጨዋታ፣ አንድ ተጨማሪ ተረት፣ ቅዳሜ የእራቱን ምግብ መምረጥ። እናቴ "ለግዴታው ይከፈለዋል እንዴ?" ብላ ጠየቀች። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ይጠይቀዋል። መልሱ የእነዚህ ልጆች አንጎል ለሩቅ ዋጋ ብዙ አይነሳም የሚል ነው። "በዓመቱ መጨረሻ ጥሩ ውጤት ታመጣለህ" ለእሱ ነፋስ ነው። ሽምብራዋ ግን አሁን ትጮሃለች፣ ብርጭቆው ውስጥ ስትወድቅ። ልማዱ ሲይዝ ሽምብራው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ለሌላ አስቸጋሪ ነገር ይዛወራል። ሽልማቱ ደግሞ ቶሎ ያረጃል። በየጊዜው ካልተቀየረ ልጁ ይሰለቸዋል።

ስለ ዱላ ዝም ብዬ አላልፍም። በቁንጥጫና በበርበሬ ጢስ ያደግን ሰዎች ነን፤ "እኛ ተመትተን ምን ሆንን?" የሚለውን ክርክር በየቤቱ እሰማለሁ። ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ ከሌሎች ይልቅ ብዙ ጊዜ ስለሚያጠፋ ብዙ ጊዜ ይመታል። ዱላ ያንን ደቂቃ ያስቆማል። በሚቀጥለው ደቂቃ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አያስተምርም። የልጁ ችግር ደግሞ ያ የሚቀጥለው ደቂቃ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 እንኳን ልጆች በትምህርት ቤትና በመሰል ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ቤትም ከዚያ ያነሰ መሆን የለበትም።

ሥልጠናው ላይ ያልጠበቅኩት ሌላ ነገር ባለቤቴን የሚመለከት ነው። አሠልጣኟ ምልክቶቹን ስትዘረዝር ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር። መኪና ውስጥ ስንገባ "ይሄ የእኔ ታሪክ ነው" አለኝ። ዘር ነው ካልን ይህ ሊያስደንቅ አይገባም። ግን ብዙ ቤት ውስጥ አይታሰብም። ቻርት መሙላት፣ ሰዓት መጠበቅ፣ ሳይቆጡ መድገም፣ ለራሱ ኤዲኤችዲ ላለበት ወላጅ በጣም ከባድ ናቸው። እሱ ሲታከም የልጁ ሕክምናም ቀለለ። እናንተም እቤታችሁ ሥርዓቱ አልያዝ ካለ፣ ስንፍና ነው ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

አሁን ወደ ትምህርት ቤት። እዚህ ያለው ምርጡ መሣሪያ አንድ ወረቀት ነው፤ ዕለታዊ ሪፖርት ካርድ ይሉታል። ኤዲኤችዲ ላለባቸው ልጆች የባሕርይ ሕክምናን በማስፋፋት የሚታወቀው ዊልያም ፔልሃም በዚህ ላይ ብዙ ሠርቷል። ወረቀቱ ላይ ሦስት ወይም አራት ግብ ይጻፋል። "ጥሩ ልጅ መሆን" ግብ አይደለም። "ሳይጠራ ከመናገር ተቆጥቧል"፣ "የሒሳብ ወረቀቱን ጨርሶ አስረክቧል" የሚሉት ግቦች ናቸው፤ አስተማሪው በሰከንድ አዎ ወይም አይ ሊልባቸው ይችላል። በየክፍለ ጊዜው ምልክት ይደረጋል። ቤት ሲመጣ ሽልማቱ ይጠብቀዋል። ግቡ መጀመሪያ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ሊያገኘው የሚችለው መሆን አለበት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚወድቅበት ካርድ የውርደት ወረቀት ነው። ልጁ ቦርሳው ሥር ይደብቀዋል፤ እውነቱንም ነው።

አሜሪካ ላላችሁ፣ ይህንን መጠየቅ መብታችሁ ነው። የ1973ቱ የተሐድሶ ሕግ ክፍል 504 ለእነዚህ ልጆች ማመቻቻ እንዲደረግ ያስገድዳል። ልዩ ትምህርት የሚያስፈልገው ደግሞ አይኢፒ የሚባል ለእሱ ብቻ የሚሆን የትምህርት ዕቅድ ይዘጋጅለታል። ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጉት፣ ቀን ጻፉበት፣ ቅጂውን አስቀሩ። ስብሰባው ላይ አስተርጓሚ ጠይቁ። "እንግሊዝኛ እችላለሁ" የሚሉም ይጠይቁ፤ ለሥራ የሚበቃ እንግሊዝኛና ስለ ልጅ አእምሮ ለመከራከር የሚበቃ እንግሊዝኛ አንድ አይደሉም። በዋሽንግተን ዲሲ አማርኛ በ2004ቱ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። እኛ ያለንበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም በአማርኛ ያስተረጉማሉ። ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉ። ስለ ራሱ ጥፋት ተቀምጦ መተርጎም የለበትም።

በእኛ ስብሰባ ላይ አስተማሪዋ "ስናገረው ዓይኔን አያየኝም፣ አይከታተልም" ብላ ጽፋ ነበር። ትልቅ ሰው ሲናገር አንገት መድፋት እኛ ያስተማርነው ነው። ነገርናት። ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛውን በጣቷ ነካ አድርጋ ነው የምትናገረው። ወጪ የሌለው ለውጥ ነው፣ ውጤቱ ግን ብዙ ነው።

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ይህን ሁሉ በስልክ ስትሰማ ታዝናለች። "እዚህ ማን 504 ይሰጠኛል?" ትላለች። ልጇ አሥር ዓመቷ ነው። አትዘልም፣ አትሮጥም። ቁጭ ብላ መስኮት ታያለች። እንዲህ ዓይነት ሴት ልጆች ብዙ ጊዜ ሳይታወቁ ያልፋሉ፤ ማንንም አይረብሹማ። "ፈዛዛ" ተብለው ይቀራሉ። ክፍሉ ውስጥ ከ50 በላይ ተማሪ አለ። አስተማሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ እጁ ነው የማይበቃው።

ሆኖም እህቴ ከአስተማሪው ጋር ተነጋግራ ሦስት ነገር አስደረገች። ልጅቷ ከመስኮቱ ርቃ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ሰሌዳ መጥረግና ደብተር መሰብሰብ የእሷ ሥራ ሆነ፣ እየተነሳች እንድትነቃ። ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ ሁለት መስመር አለ፤ "የቤት ሥራውን ከሰሌዳው ገልብጣለች" እና "የክፍል ሥራውን ጨርሳለች"። አስተማሪው ቀኑ ሲያልቅ ራይት ወይም ኤክስ ያደርጋል። እንግሊዝኛ የለበትም፣ ቅጽ የለበትም፣ ገንዘብ የለበትም። ማታ እህቴ ታያለች፣ ልጅቷም በራይቱ ልክ ከአባቷ ስልክ ላይ ደቂቃ ታገኛለች። አገር ቤት የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ማግኘት ከባድ ነው፤ መድኃኒቱም እንደልብ አይገኝም። እዚያ ይህ ሥራ ከመድኃኒት ጋር የሚወዳደር ምርጫ አይደለም። ብዙ ጊዜ ያለው እሱ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሐኪም ላልሆኑ ጤና ባለሙያዎች ያዘጋጀው ኤምኤችጋፕ መመሪያም ለወላጅና ለአስተማሪ በሚሰጥ ምክር ነው የሚጀምረው።

እስካሁን ሥልጠናውን አሞግሻለሁ። የጥናቶቹን ሌላ ፊት ካልነገርኳችሁ ግን ማታለል ይሆናል። በ1999 የወጣው ኤምቲኤ የሚባለው ትልቅ ጥናት 579 ልጆችን ለ14 ወር ተከታትሏል። በጥንቃቄ ክትትል የተደረገበት መድኃኒት ቅብጥብጥነቱንና ትኩረት ማጣቱን በመቀነስ ከባሕርይ ሕክምናው በልጧል። ሁለቱን አብረው ያገኙት በዋና ዋናዎቹ ምልክቶች መድኃኒት ብቻ ካገኙት ብዙም የተለየ ነገር አላሳዩም። ግን ያነሰ መጠን መድኃኒት በቂያቸው ነበር፣ ወላጆቻቸውም ይበልጥ ረክተዋል። በሦስተኛው ዓመት ላይ በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ። በ2013 ደግሞ ኤድመንድ ሶኑጋ ባርክና ባልደረቦቹ ከመድኃኒት ውጭ ያሉ ሕክምናዎችን አንድ ላይ መዘኑ። ልጁ ምን ሕክምና እንደወሰደ በማያውቁ ሰዎች ሲመዘን የባሕርይ ሥልጠናው በምልክቶቹ ላይ ያለው ውጤት በጣም ሳሳ። በሚቀጥለው ዓመት በወጣው ተከታይ ሥራ ግን ሌላ ነገር ታየ። በእነዚያው በማያውቁ መዛኞች ዓይን እንኳን የወላጆች አያያዝ ተሻሽሏል፣ የልጆቹ እምቢተኝነትና ጠብም ቀንሷል።

እኔ ይህን የማነበው እንዲህ ነው። ሥልጠናው የልጄን አንጎል አልቀየረም። አሁንም እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ አሁንም ቁልፉን ይረሳል። የተቀየረው በእኛና በእሱ መካከል ያለው ነው። ጠዋት ጩኸት የለም። ወንድሙ አይፈራውም። እኔ ልጄን እወደዋለሁ ብቻ ሳይሆን ከእሱ ጋር መዋል ደስ ይለኛል። ለአንድ ልጅ ዕድሜ ይህ ትልቅ ነገር ነው። "ምልክት መቀነስ" በሚለው ዓምድ ውስጥ ስላልገባ አይናቅም።

ቅደም ተከተሉም ቁም ነገር አለው። በ2016 የወጣ የፔልሃም ጥናት በባሕርይ ሕክምና የጀመሩ ልጆች በመድኃኒት ከጀመሩት ይልቅ ክፍል ውስጥ ያነሰ ሕግ እንደጣሱ አሳይቷል። ከዚያ ሥራ የማልረሳው ግን ሌላ ነው። መድኃኒቱ ሲቀድም ወላጆች በኋላ ለሥልጠናው አይመጡም። ይገባኛል። ቤቱ ረግቷል፣ ሰው ደክሟል። ግን ማታ መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣ ልጁና ወላጁ ያለ ምንም ዘዴ ይፋጠጣሉ።

ከዚህ ውጭ የሚሸጥላችሁ ብዙ ነው። ስኳርን ላስቀድም፤ ሁሉም የሚያወራው እሱን ነው። በ1994 ሁለት ተመራማሪዎች ስኳር ልጄን ያሳብደዋል የሚሉ እናቶችን ከ5 እስከ 7 ዓመት ካሉ ወንዶች ልጆቻቸው ጋር አስመጡ። ልጆቹ በሙሉ የጠጡት ስኳር የሌለው መጠጥ ነው። ለግማሾቹ እናቶች ግን "ልጅሽ ብዙ ስኳር ጠጥቷል" ተባለ። እነዚያ እናቶች ልጃቸው ይበልጥ ተቅበጠበጠ አሉ። በቪዲዮው ሲታይ ደግሞ ይበልጥ የተጠጉት፣ ይበልጥ የተቹት እነሱ ናቸው። ልጁ ላይ ምንም አልተጨመረም። የተቀየረችው እናት ናት። ስኳር መቀነስ ለጥርስና ለክብደት ጥሩ ነው፤ የኤዲኤችዲ ሕክምና ግን አይደለም።

የምግብ ቀለም ትንሽ ይለያል። በ2007 የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንዳንድ ሰው ሠራሽ ቀለሞች በልጆች ላይ መጠነኛ ቅብጥብጥነት እንደሚጨምሩ አገኙ። ከ2010 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ስድስት ቀለሞች ያሉበት ምግብ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። ውጤቱ ትንሽ ነው፣ ናይስም ቀለም ማስቀረትን እንደ አጠቃላይ ሕክምና አይመክርም። እኔ ቀለም የተነከረውን ከረሜላ እተዋለሁ፤ ስለሱ ግን እንቅልፍ አላጣም። የዓሣ ዘይት ለውጡ ካለም ጥቂት ነው። ኒውሮፊድባክ፣ ልጁ የአንጎሉን ሞገድ ስክሪን ላይ እያየ ለመቆጣጠር የሚለማመድበት ሕክምና፣ ውድ ነው። በ2021 የወጣ ጥሩ ጥናት ከማስመሰያው ጋር አወዳድሮት ልዩ ጥቅም አላገኘበትም።

ስለ ጸበል የሚጠይቁኝ አሉ። እኔም ልጄን ወስጃለሁ፣ እጸልይለታለሁም። የማልቀበለው "መድኃኒቱን አቁሙ፣ ትምህርት ቤቱንም ተዉት" የሚለውን ነው። ልጁ ጋኔን አለበት መባልንም አልቀበልም። ልጅ ያንን ሰምቶ አይረሳውም።

ገንዘብ የማያስወጡት ሁለት ነገሮች እንቅልፍና መሮጥ ናቸው። በ2015 የታተመ የሜልበርን ጥናት 244 ልጆችን ይዞ፣ ወላጆች የማታ ሥርዓት እንዲይዙ በአጭር ምክር ረዳቸው። እንቅልፉ ተሻሻለ፣ የኤዲኤችዲ ምልክቶቹም በመጠኑ ቀነሱ። ለእኛ ከባዱ እንግዳ ነው። ማታ ሰው ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ልጆች እስከ እኩለ ሌሊት ይሯሯጣሉ። እኛ ልጁን በሰዓቱ አስተኝተን ወደ እንግዳው እንመለሳለን። የተቀየመ ዘመድ አለ። ስልኩ ደግሞ መኝታ ክፍል አይገባም፤ የእኛም ጭምር። የእግር ኳሱ ልምምድ ካለ ማታ የቤት ሥራው ይቀላል። ይህን በየሳምንቱ አያለሁ።

ከዚያ ልጁ ጎረምሳ ይሆናል፣ ሽምብራውም አይሠራም። በዚህ ዕድሜ ሥልጠናው ወደ ራሱ ወደ ልጁ እየዞረ ይሄዳል። ቦርሳ እንዴት እንደሚደራጅ፣ ረጅም ሥራ እንዴት ወደ ትናንሽ ቁራሽ እንደሚከፋፈል፣ ነገ ምን እንዳለ ማታ መጻፍ። ማርጋሬት ሲብሊ ያዘጋጀችው ለጎረምሶች የሚሆን ሕክምና ልጁንና ወላጁን አንድ ላይ ያስቀምጣል፤ ውል ይዋዋላሉ። የእኛም እንደዚያ ነው። እሑድ ማታ ከእሱ ጋር እንቀመጣለን። የሳምንቱን ሥራ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። በሳምንቱ መሃል "ሠራህ?" ብዬ አልጠይቅም። ከባዱ የእኔ ድርሻ ይህ ነው። ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒም፣ አስተሳሰብንና ልማድን በንግግርና በልምምድ የሚቀይረው ሕክምና፣ ለዚህ ዕድሜ ይሰጣል፤ ናይስ የሚመክረው መድኃኒት ረድቷቸው ግን ችግሩ በከፊል ለቀረባቸው ነው። መድኃኒቱን መውሰድና አለመውሰድም የእሱ ድምፅ ያለበት ውሳኔ ሆኗል። የ2019ኙ መመሪያ ራሱ ከ12 ዓመት በላይ የልጁን ፈቃደኝነት ይጠይቃል።

አሁን ያለነው መኪና ላይ ነው። በሜሪላንድ ፐርሚት፣ የመለማመጃ መንጃ ፈቃድ፣ የሚወጣው በ15 ዓመት ከ9 ወር ነው፣ ልጄም አውጥቷል። በ2017 የታተመ የኒው ጀርሲ ጥናት ኤዲኤችዲ ያለባቸው አዲስ አሽከርካሪ ጎረምሶች የመጋጨት ዕድላቸው በ36 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በ2022 ደግሞ ከሲንሲናቲ ጥሩ ዜና መጣ። ጎረምሶቹ መንዳትን በሚያስመስል መሣሪያ ላይ ተቀምጠው ይሠለጥናሉ። ዓይናቸው ለረጅም ጊዜ ከመንገድ ሲነሳ ድምፅ ያስጠነቅቃቸዋል። ከወራት በኋላ እውነተኛ መንገድ ላይ ረጅም ዞር ማለታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። እኛ ያ መሣሪያ የለንም። ያለን ሕጉ የሚጠይቀው የ60 ሰዓት ልምምድ ነው፤ 10ሩ ማታ የሚነዳ። እያንዳንዱ ሰዓት መዝገቡ ላይ ይሞላል።

ስለዚህ ያንኑ የድሮውን ሥልጠና መኪና ውስጥ አስገባነው። ስልኩ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ። ሙዚቃ የለም። ታናሽ ወንድሙ አብሮን አይሄድም። አንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ፣ ቀድሞ። "በሚቀጥለው መብራት ወደ ቀኝ።" በደንብ ያደረገው ወዲያው በስሙ ይጠራል፤ "መስታወቱን ሳልነግርህ አየህ"። የማታውን ልምምድ የመድኃኒቱ ኃይል ከማለቁ በፊት እንዲሆን ከሐኪሙ ጋር ሰዓቱን አስተካክለናል። ዋሽንግተንን የሚዞረው ፈጣን መንገድ፣ ቤልትዌይ፣ ላይ መቼ እንደሚወጣ ግን ገና አልተስማማንም። እሱ በዚህ ወር ይላል። አባቱ የማታውን 10 ሰዓት ጨርሶ ነው ይላል። እኔ ለጊዜው ከአባቱ ጋር ነኝ።